ለጥጃ የሚሰፈር ሞላሰስ

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ወደዚያ ቤት የገባው ቆጣሪው አለቅጥ ስለሮጠበት ነው። ባለቤቲቱ አሮጊት ከሞተች ቆይታለች፤ መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል፤ ድመት እንኳ አይኖርበትም። ቆጣሪው ግን የፋብሪካ ቆጣሪ ይመስል ይሽከረከራል። ሰውዬው በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ወዲያው እየጮኸ ወጣና ብስክሌቱን እዚያው ጥሎ በሸንኮራ አገዳው መሃል እግሬ አውጪኝ አለ።

ኢንስፔክተር ያቢኩ ሱሚኤ በደቡብ ጃፓን ካለችው ከናሃ ከተማ በጀልባ ሚናጊ ደሴት ስትደርስ በር ሁሉ ተዘግቶ ጠበቃት። ያውም በየካቲት፣ አገዳ ቆራጭና ጭነት መኪና በሚተራመስበት ወቅት! ሚናጊ በር የማይቆለፍበት አገር ነበር። አሁን ሰው ከመጋረጃ ጀርባ በአንድ ዓይኑ ያያታል፤ ቀና ስትል መጋረጃው ይወድቃል። ያቢኩ እዚህ አቅራቢያ ካለች ደሴት ተወልዳ ያደገች ናት። እንዲህ ያለ ዝምታ በመከር ወቅት ሰምታ አታውቅም።

የደሴቲቱ ብቸኛ ፖሊስ ወጣቱ ኢሃ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የሞተው ካቢራ ነው ኢንስፔክተር። የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ። ቤቱ የአክስቱ ነበር። ዝንብ እሽ የማይል ሰው እኮ ነው!»

ወደ ውስጥ ገባች። ክፍሉ በኃይለኛ አምፖሎች ቀን መስሏል። ደረት የሚደርስ የካናቢስ ተክል በጥቁር ባልዲ በጥቁር ባልዲ ተደርድሮ አበባ ይዟል። ከቅጠሉ ሽታ ይልቅ ግን አፍንጫዋን የመታው የተቃጠለ ስኳር ሽታ ነው። ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፤ ቧንቧው በደንብ ስላልተዘጋ ከስኳር ምርት የሚተርፈው ሞላሰስ እንደ ጥቁር ማር እየተጎተተ ወለሉ ላይ ወርዷል። ካቢራ በርሜሉ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። አጠገቡ ከባድ የማማሰያ ብረት ወድቋል። ጉንዳን ከግድግዳው ሥር ተነስቶ፣ ሞላሰሱን ተከትሎ፣ ሰውዬው ላይ ወጥቷል።

«ከኋላው ነው የተመታው» አለች ያቢኩ ቀስ ብላ። «ጀርባውን ሰጥቶታል። የሚያምነው ሰው ነው ማለት ነው።»

«ገዳዩን እኮ ይዘነዋል!» አለ ኢሃ፤ ቸኮለ። «ኩሮሴ የሚባል፣ አገዳ ሊቆርጥ ከቶኪዮ የመጣ ልጅ ነው። የተከራየው ቤት መታጠቢያ ውስጥ ሁለት ተክል አገኘን። የሞላሰስ ጠርሙስም አገኘን። ሌላ ምን ይፈለጋል? በነገው ጀልባ ወደ ናሃ ይላክልን እያለ ነው ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ ማለት ማን ነው?»

«ሁሉም ነዋ! የውጭ ሰው ነው ብለው...»

ያቢኩ ሊመሽ ሲል ቤቱን ዞራ በጓሮ በኩል አየች። የኋላው መስኮት ላይ የተመታው ጣውላ ለአየር ተብሎ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ጎንበስ ብላ በቀዳዳው ስታይ በርሜሉና የካቢራ እግር ፊት ለፊት ታዩዋት። ከዚያ ዓይኗ መሬት ላይ ወረደ።

ከመስኮቱ ሥር አንድ እፍኝ ሩዝ ተበትኗል። አጠገቡ ጨው አለ። ከጠጠሩ መካከል ሦስት ጠጠሮች ተለቅመው ጎድጓዳቸው ቀርቷል።

በእነዚህ ደሴቶች ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ ውቃቢው ይወድቃል፤ የሚወድቀውም የደነገጠበት ቦታ ላይ ነው። ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ይተኛል፤ አይበላም፤ አይናገርም። ያኔ እናት ወይም አያት ልብሱን ይዛ እዚያው ቦታ ድረስ ትሄዳለች፤ ሩዝና ጨው ትበትናለች፤ ስሙን እየጠራች «ና፣ እቤትህ ግባ» ትለዋለች፤ ሦስት ጠጠር ለቅማ ወስዳ ትራሱ ሥር ታደርግለታለች። ያቢኩ በልጅነቷ ከባሕር ልትሰምጥ ስትል ወጥታ ሦስት ቀን ዝም ብላ ነበር፤ እናቷም እንዲሁ ጠርታታለች።

ስለዚህ እዚህ ቀዳዳ ላይ ቆሞ ያየ ሰው አለ። አይቶ ውቃቢው የተገፈፈ፣ አሁን የሆነ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የተኛ ሰው አለ።

የከተማ መርማሪ ቢሆን ሩዙን በላስቲክ ለቅሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ ይሄድ ነበር። ያቢኩ ግን እጇን ዘርግታ መለሰችው። የተጠራ ውቃቢ ሳይገባ ሩዙ አይነካም፤ ነውር ነው፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠጣችው ነገር ነው። ትታው ሄደች። በእነዚህ ደሴቶች ተወልዶ ያላደገ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም።

•

ኩሮሴ ፖሊስ ጣቢያው ጓዳ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ስድስት ይመስላል።

«ሁለቷን ተክሌን አልክድም» አለ። «ሰውዬውን ግን አላውቀውም! አንዴ ሲጋራ ለኩሶልኛል። በቃ!»

«ሞላሰስ ምን ያደርግልሃል?»

«ለአፈሩ ነው። ተክሉ ራሱ አይበላውም። አፈር ውስጥ ያሉት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ይበሉታል፤ እነሱ ሲጠግቡ ተክሉ ይጠግባል። አበባ መያዝ ሲጀምር አንዲት የሻይ ማንኪያ በባልዲ ውኃ በጥብጬ አጠጣለሁ።»

«አንዲት ማንኪያ ብቻ?»

«ካበዛሽው ይሻግታል፤ ጉንዳን ይወርሰዋል።»

ያቢኩ ስልኳን አውጥታ በክፍሉ ያነሳችውን የባልዲዎቹን ፎቶ አሳየችው። የአፈሩ ፊት በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኖ ተሰነጣጥቋል። ኩሮሴ አየው፤ እንዲያ ፈርቶ እያለ እንኳ ሳቅ አመለጠው።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ ጥጃ ነው እንዴ የሚያደልበው? ይሄ በጭልፋ የተገለበጠ ነው። እኔ እንዲህ ባደርግ ተክሎቼ ይሞታሉ።»

«ከየት ነው የምትገዛው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ። እዚህ ማንን ብጠይቅ ነገ ደሴቱ ሁሉ ያውቃል።»

ጠርሙሱን አንስታ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች፤ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። ከበርሜሉ ያመጣችውን ናሙና ቀመሰች፤ ይመራል፣ ከሥሩም ጨው ጨው ይላል። የሚናጊ አገዳ የባሕር ነፋስ ሲጠጣ ነው የሚያድገው። በርሜሉ የደሴቱ ፋብሪካ ነው። ኩሮሴም ፋብሪካው ግቢ ውስጥ እግሩን አላስገባም።

«ይሰቅሉኛል እንዴ?» አለ ልጁ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ቆይ እስቲ። ገና ምኑ ተያዘ!» አለችው። ማጽናናት አልሆነላትም።

•

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓሮው ስትመለስ ሩዙ የለም።

ደጋግማ አየች። ጨዉም የለም። ጠጠሩ ተደልድሏል፤ በቅርንጫፍ የተጠረገበት መስመር መሬቱ ላይ ይታያል። 

«ኢሃ! ና ወዲህ! እዚህ ሩዝ ነበር።»

«ወፍ ለቅሞት ይሆናል፣ ኢንስፔክተር።»

«ጨዉንስ ወፍ ላሰው? መሬቱንስ ወፍ ጠረገው? ይህን ቤት ጠብቅ ብዬህ ሌሊቱን የት ነበርክ?»

ኢሃ ጆሮው ቀላ። «መኪናው ውስጥ... ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ግን የማላውቀው ሰው አልመጣም! የመንደሩ ሊቀመንበር ጋኔኮ ሾርባ አመጡልኝ። ባለ ላሙ ታይራ ለከብቶቹ ሣር ይዞ አለፈ። የሟች ወንድምም ሊያለቅስ መጥቶ ነበር። ሁሉም የኛው ሰዎች ናቸው።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። «የኛው ሰው ባይሆን ሩዙን አይቶ ያልፈው ነበር። ትርጉሙ የገባው ሰው ነው የጠረገው። ኩሮሴ ደግሞ ሌሊቱን ያንተው ጓዳ ተቆልፎበት አድሯል።»

ኢሃ ወደ ቀዳዳው ዞር አለ። «እና ገዳዩ...»

«ገዳዩ ምስክር እንዳለ አውቋል። ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቀም፤ ቢያውቅ ኖሮ ሩዝ ሲጠርግ ባልተገኘ። እኛም አናውቅም። ከሱ ቀድመን ካላገኘነው ሌላ ሬሳ ልናነሳ ነው።»

ትናንት ሩዙን ለቅማ ብትሸፍነው ኖሮ! ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ባላት። የአንድ ሰው ነፍስ አሁን የተንጠለጠለችው ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ላይ ነው፤ እሷ ወይስ ያ የማታውቀው ሰው።

•

ታይራ በረቱ ውስጥ ነበር፤ ስልሳ ያለፈው፣ አንገቱ እንደ ኮርማ የወፈረ ሰውዬ። የላሞቹ ገንዳ ሞላሰስ ሞላሰስ ይሸታል። ጭልፋው ከምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያቢኩ ጭልፋውን አይታ እጇን ወደ ወገቧ ላከች።

«ካቢራ በሞተበት ምሽት የት ነበሩ?»

«እዚህ። እጄ እስከ ክንዴ ላም ሆድ ውስጥ ነበር! ጥጃዋ በእግሯ ነው የመጣችው። የከብት ሐኪሙ አለ፣ ጎረቤቶቼ አሉ፤ ሂጂና ጠይቂ። ኧረ ጥጃዋንም ጠይቂያት ከፈለግሽ!»

ሐኪሙ ጋ ደወለች። እውነት ነው፤ ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ከላሟ አልተለየም።

«እሺ። ከፋብሪካው ሞላሰስ የሚወስደው ማነው?»

«ማን የማይወስድ አለ? ላም ያለውም ይወስዳል፣ ላም የሌለውም ይወስዳል።»

«ላም የሌለው ምን ያደርግለታል?»

ታይራ በበረቱ በር ወደ መንገዱ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ምን አውቄ። አንቺ ልጅ፣ ነገ በጀልባሽ ትሄጃለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ። ሰው አላማም።»

የሟች ወንድም ደግሞ ከመከሩ በፊት ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በክራንች የሚሄድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጎንበስ ብሎ መሬት መጥረግ ይቅርና ጫማውን እንኳ ሚስቱ ናት የምታስርለት። ያቢኩ ይቅርታ ጠይቃው ወጣች። መንገዱ በሁለቱም በኩል ከሰው ቁመት በላይ በሆነ አገዳ ታጥሯል፤ ነፋሱ ሲያንሿሿው ሰው የሚከተላት ይመስላታል። ሁለት ጊዜ ዞራ አየች። ሰው የለም። ደጋግማ ዞራ ማየቷ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

•

የመንደሩ ሱቅ በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር። ባለሱቋ ቺኔን ቶሚ ሰባ ዓመት ቢሆናትም ምላሷ ገና የሃያ ዓመት ነው።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ዝጊው! ገዳዩ የሚገባ መስሎኝ ደነገጥኩ። ምን ልስጥሽ?»

«ወሬ» አለች ያቢኩ። «ሰሞኑን የታመመ፣ ከቤት ያልወጣ ሰው አለ?»

ቶሚ እጇን አጨበጨበች። «አንቺም? ዛሬ ማለዳ ሊቀመንበሩም ይህንኑ አልጠየቁኝም! ታሞ የተኛ፣ የደነገጠ ሰው ካለ እንቁላል ልውሰድለት ብለው አንድ ቅርጫት እንቁላል ገዙ። የመከር ጊዜ ነው፣ የፋብሪካው ማብሰያ በሳቸው እጅ ነው፣ እንቅልፍ የላቸውም፤ ግን ለሰው ያስባሉ። ደግ ሰው!»

ያቢኩ ወደ ባንኮኒው ተጠጋች። «ምን አልሻቸው?»

«የማውቀውን ነዋ። የነናቤን ቤት፣ የዓሣ አጥማጁን ሽማግሌ... ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። እኔማ ሳቄ ነው የመጣው። የሰው በሽተኛ ይጠይቃሉ፤ የራሳቸው ልጅ ሚሳኦ ግን ከምትሠራበት ከፋብሪካው ሚዛን ቤት ከቀረች ሰነበተች! ጉንፋን ነው ትላለች እናቷ። እሳቸው የሚያድሩት ማብሰያው ጋ ነው፤ ቤታቸው የሚሄዱት ልብስ ለመቀየር ነው፤ ምን ያውቃሉ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«ቶሚ፣ ጋኔኮ ላም አላቸው?»

«ላም? ባለፈው ክረምት ሁሉንም ለታይራ ሸጡለት እኮ! አንድ አልቀራቸውም። ምነው... ኧረ ፊትሽ ምን ሆነ?»

ያቢኩ አልሰማቻትም። ወጥታ ሮጣለች።

•

የጋኔኮ ቤት ከአገዳው ጠርዝ ላይ ነው። ሚስቱ ሃትሱ ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋች። «ጉንፋን ነው፤ ይጋባል፣ አይግቡ።»

«እማማ ሃትሱ፣ ሩዙን የበተኑት እርስዎ ነዎት። ሌሊት ሰው ጠርጎታል።»

ሴትዮዋ የበሩን ቋሚ ይዛ ቁልቁል ተቀመጠች።

«ሬሳ ውስጥ እንዳለ አላወቅሁም! በአማልክቱ! አባትሽ ማታ ማታ የት እንደሚሄድ እይልኝ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ሴት የያዘ መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ፊቷ ነጭ ነበር። የት ደነገጥሽ ስላት ቦታውን ነገረችኝ። ምን አየሽ ስላት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋት፤ ፈራሁ! መልሱን ፈራሁ!»

ሚሳኦ ከውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ብርድ ልብስ ተከናንባለች። ሦስት ጠጠሮች በመዳፏ ውስጥ ጨብጣለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ግን የሚያይ አይመስልም። ያቢኩ አጠገቧ ልትንበረከክ ስትል የግቢው በር ሲጢጥ አለ።

ጋኔኮ ነው። ቦት ጫማው በሞላሰስ ጠቁሯል። በአንድ እጁ የእንቁላሉን ቅርጫት ይዟል፤ ሊለብሰው የመጣው ንጹህ ሸሚዝ በበረንዳው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ያቢኩን አይቶ ቆመ።

«ኢንስፔክተር? እኔ ቤት ምን...»

ያቢኩ በልጅቷና በሱ መካከል ቆመች። እጇ ሽጉጧ ላይ ነው፤ ይህ ሰው አሁን ምን እንደሚያደርግ ፈጽሞ አታውቅም።

ሃትሱ ባሏን ስታይ ብሶቷ ገነፈለ። «ጠረጉት አሉ! ሰማህ? የልጄን ሩዝ ጠርገው ጣሉት! ምን ዓይነት አረመኔ ነው? አሁን ውቃቢዋ በየት በኩል ይግባ?»

ጋኔኮ ሚስቱን አየ። ከዚያ በያቢኩ ትከሻ ላይ አሻግሮ ልጁን አየ። ሚሳኦ አባቷን ስታይ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች፤ ጀርባዋ ከግድግዳው ወዲያ ሊያልፍ የፈለገ ይመስል ገፋችው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው።

ቅርጫቱን ቀስ ብሎ በረንዳው ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ የጠረግሁት» አለ።

ሃትሱ ከባሏ ራቅ አለች።

«የፖሊስ ሄሊኮፕተር በቤቱ ላይ አልፎ ነበር» አለ ጋኔኮ፤ ለማንም የሚናገር አይመስልም። «ከዚያ ወዲህ ካቢራ እንቅልፍ አጣ። ወደዚያ ቤት መግባት ስለፈራ አብረን የተከልነውን የማጠጣው እኔ ነበርኩ። በዚያ ምሽት መጣና ነገ ለፖሊስ እነግራለሁ አለኝ፤ ሳይደርሱብን እንናዘዝ አለኝ። የሚሳኦ ሰርግ ቀን ተቆርጧል። የአባቷ ስም ቢወጣ የትኛው ቤተሰብ ይወስዳታል? ለሷ ብዬ ነው። ቧንቧውን ሊዘጋ ጎንበስ ሲል... ለሷ ብዬ ነው ያደረግሁት።»

ሚሳኦ ብርድ ልብሱን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ያቢኩ። «ዛሬ ቤት ለቤት ሲዞሩ ያንን ያየዎትን ሰው ቢያገኙት ምን ያደርጉት ነበር?»

ጋኔኮ የእንቁላሉን ቅርጫት ያያል።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሳስበው እኔኑ ያስፈራኛል።»

እጁን ራሱ ዘረጋላት።

•

ኢሃ ጋኔኮን ይዞ ወደ ከሰዓቱ ጀልባ ወረደ። ኩሮሴም አብሮ ተሳፈረ፤ የሁለቱ ተክሎች ክስ አለቀቀውም፤ የነፍስ ግድያው ግን ከጫንቃው ወርዷል። መንደሩ በሩን ከፈተ፤ ሆኖም ወደብ ድረስ ወጥቶ የሸኘ ሰው አልነበረም። የሚተማመኑበት ሊቀመንበራቸው እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ ማንን አይፍሩ?

ያቢኩ ከሚሳኦ አጠገብ ቀረች። ቃል ልትቀበላት ነበር፤ ግን አልጠየቀቻትም። ሃትሱ ምድጃው ሥር አንገቷን ደፍታለች። ከውጭ የፋብሪካው ማሽን ያለ ጋኔኮም ሲያጓራ ይሰማል።

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ሚሳኦ ፊቷን አወጣች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ሄደ?» አለች።

ሃትሱ ቀና አለች። ያቢኩ ጎንበስ ብላ «ሄዷል። ከእንግዲህ የሚነካሽ የለም፤ አይዞሽ» አለቻት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ካፖርቱን ለብሷል?» አለች። «ጀልባው ላይ ይበርደዋል።»

 ሃትሱ ተነሳች፤ ካፖርቱን ከምስማሩ ላይ አወረደችና ጀልባው ሳይነሳ ልትደርስ ባዶ እግሯን ወደ ወደቡ ሮጠች።